ማይስማን የሆነው ማማኒ

ወንድሜ ሴቬሮ ሲወለድ ማማኒ ነበር። እኔ ፓስኳላም ማማኒ ነኝ። አባታችን ሳቱርኒኖ፣ አጎታችን ፎርቱናቶ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው የመንደራችን የቺልካፓታ ሰው ግማሹም ማማኒ ነው። ትምህርት ቤት መምህሩ «ማማኒ» ብሎ ሲጣራ አንድ ረድፍ ልጅ ብድግ ይል ነበር።

አባቴ ስለ ስሙ ማውራት ይወዳል። ድንች እየቆፈረ፣ ቀና ሳይል፣ «ማማኒ በኛ በአይማራዎች ቋንቋ ጭልፊት ነው» ይለን ነበር። «ቄሶቹ ሊያጠምቁን ሲመጡ የቤተሰብ ስም አምጡ አሉ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር መች እናውቅና። ያኔ የነበረው አያታችን ጭልፊት ይባል ስለነበር ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ጭልፊት ይሁኑ ተባለ። ጭልፊት የሚባል ሰው ያልነበረበት መንደር የለም፤ ለዚህ ነው አገሩን የሞላነው። ሁሉም ዘመድ እንዳይመስላችሁ።»

በብዛት የሚስተካከሉን ኪስፔዎች ብቻ ናቸው። በነሱም ይቀልድ ነበር። «ኪስፔ ማለት ብርጭቆ ነው፤ ሲወድቅ ይሰበራል። ጭልፊት ግን ሲወድቅ ካያችሁት እያደነ ነው።»

ሴቬሮ ለውትድርና ተጠርቶ ሲመለስ በዚህ ቀልድ መሳቅ ተወ። የጦር ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ከገጠር የመጣውን ሁሉ፣ ኪስፔም ይሁን ኮንዶሪ፣ ማማኒ ብሎ ነበር የሚጠራው። ሽንት ቤት የሚያጥበው ማማኒ፣ ጥፊ የሚቀምሰው ማማኒ።

«ታታ፣ እዚያ ስማችን ስም አይደለም» አለው አባታችንን። «ስድብ ነው።»

«የቆሸሸው የተሳዳቢው አፍ ነው» አለ አባቴ። «ስሙ ምን አጠፋ?»

ሴቬሮ ዕቃውን ሸከፈ። ላ ፓዝ ከተማ ወርዶ ልብስ ስፌት ተማረ። እጁ ለመርፌ የተፈጠረ ነበርና ብዙም ሳይቆይ የመኮንኖችን ኮት ይሰፋ ጀመር። እዚያው ግራሲዬላን ወደደ። አባቷ ዶን ኤርናን የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ መልካቸው ከኛ አይለይም፣ የቤተሰብ ስማቸው ግን የስፔን ነው።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ሠርቶ የሚያድር ልጅ ነው። ግን ማማኒ እየተባለ የሚጠራ የልጅ ልጅ እኔ አላሳድግም።»

ያኔ ስም መለወጥ የተለመደ ነበር። ኪስፔ ኪስበርት ይሆናል፣ ኮንዶሪ ኮንዶርሴት ይሆናል። ሴቬሮም ጠበቃ ዘንድ ሄደ፤ ጠበቃው ማይስማን አደረገው። የገበያ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያማ «ማታ ማማኒ ሆኖ ተኝቶ ጧት ጀርመን ሆኖ ተነሳ» ይላል። ሠርጉ ሲደገስ እኛ አልተጠራንም። ማግባቱንም የሰማነው ከሌላ ሰው ነው፤ ስሙን መለወጡን ግን የነገረን አልነበረም።

በዓመቱ፣ አዲሱ ድንች እንደደረሰ፣ አባቴ «ሙሽራዋን እንይ» አለኝ። እሱ ድንቹን በጀርባው፣ እኔ አይቡን ይዤ በጭነት መኪና ወረድን። ልብስ ሰፊዎች ያሉበትን ዳገት እየወጣ፣ በየደጃፉ ቆሞ «ሴቬሮ ማማኒን ታውቁታላችሁ?» ይላል።

«ማማኒማ እኔም ነኝ፣ ታታ» አለው አንዱ ሰፊ እየሳቀ። «ሱሪ የሚሰፋ ከሆነ እኔው እበቃለሁ።»

ሌላው አያውቀውም። ሌላውም አያውቀውም። የድንቹ ገመድ የአባቴን ትከሻ ሲቆርጠው እያየሁ «ላግዝዎት» ስለው አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ አንዲት ክር ሻጭ «ሴቬሮስ አንድ አለ» አለችን። «ማይስማን ነው ግን። ዘሬ ከጀርመን ነው ይላል። ፊቱን ካያችሁት የናንተው ነው።»

አባቴ ሸክሙን አስተካከለና «እስቲ እንየው» አለ።

ሴቬሮ አንድ ሻለቃ ፊት ተንበርክኮ የሱሪ ጫፍ እየለካ ነበር። ቀና ሲል እኛን አየ። የመለኪያው ሜትር ከእጁ ወደቀ። ሻለቃው በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተንና «ሴኞር ማይስማን፣ እነዚህ ማናቸው?» አለ።

ወንድሜ ሜትሩን አነሳ። «ድንች የሚያመጡልን ሰዎች ናቸው» አለ።

ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ የእጄን አንጓ ጨምቆ ያዘኝ። «አዎ ጌታዬ» አለ በተሰባበረ ስፓኒሽ። «ድንች ነው። ዘንድሮ ውርጭ አልነካውም።» ሸክሙን ጥጉ ላይ አወረደ። ግራሲዬላ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ማን እንደሆንን የገባት ይመስለኛል፣ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ዳቦ አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። አባቴ ወጥቶ፣ ተሸካሚዎች እንደሚያደርጉት፣ በሩ ላይ ቆሞ በላ።

ስንመለስ መኪናው ላይ «እናትሽን ደህና ነው በያት» አለኝ።

«ታታ፣ እርስዎን እኮ ነው የካደው።»

«አባቴ ነው ቢል ሥራው ይቀርበት ነበር። እኔ ምን ቀረብኝ? ዳቦውም ትኩስ ነበር።» ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ሴቬሮ በሰው እጅ ኮት ሲልክለት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ ለብሶት አያውቅም። ስለ ጭልፊት ሲያወራም ዳግመኛ አልሰማሁም።

አባቴ የሞተው በረዶ በሚጥልበት ወር ነው። ሴቬሮ ልጁን ሂሜናን ይዞ መጣ፤ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። መንገድ ላይ «አያትሽን ልንቀብር ነው» ቢላት «ጀርመኑን?» አለችው። ባቡር ሐዲድ ሊሠራ የመጣ ጀርመናዊ አያት እንዳላት እየነገራት ነበር ያሳደጋት። «ጀርመን የለም» አላት። «ኖሮም አያውቅም።» ልጅቱ ከዚያ ጀምሮ እስክንቀብር ድረስ አላናገረችውም።

ሬሳው ሊነሳ ሲል ሴቬሮ ትከሻውን ሊሰጥ ቀረበ። የዚያን ዓመት የመንደሩ አለቃ ፎርቱናቶ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ አገደው።

«የሚሸከሙት ማማኒዎች ናቸው። ያንተ ስም ማነው?»

«የሳቱርኒኖ ልጅ ነኝ፣ አጎቴ።»

«እሱን እናውቃለን። ስምህን ነው የጠየቅኩህ።»

ሰው ሁሉ ጠበቀ። ማማኒ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን ልጁን አየና «ማይስማን» አለ። «አባቴ ፊት ሁለተኛ አልዋሽም።»

ሁለተኛ ያለው ለምን እንደሆነ ከኔ በቀር የገባው አልነበረም። ስለዚህ ተናገርኩ። ሱቁን፣ ሻለቃውን፣ በር ላይ የተበላውን ዳቦ፣ ሁሉንም። «አባቴ ለዚህ ልጁ ሲል የራሱን አባትነት ዋጠ» አልኳቸው። «እሱ የሸፈነውን እናንተ ልትቀጡት ነው?»

ሂሜና አጠገቤ ስታለቅስ ይሰማኛል። ፎርቱናቶ ከኋላ ሊሸከም የቆመውን አንድ ሰው ገለል አደረገ። ሴቬሮ ገባና ተሸከመ። የአባቴን መሬት ግን የመንደሩ ጉባኤ ለኔ ሰጠ፤ እሱም አልጠየቀ።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ማማኒ የሚባል ዘፋኝ መጣ፣ ማማኒ የሚባል ሚኒስትር መጣ፤ ስማቸውን የለወጡ ሰዎች ልጆች ወደ ዳኛ እየሄዱ ያስመልሱ ጀመር። ሂሜናም የጥርስ ሐኪም በሆነች ማግስት ማማኒ ሆነች። ደስ ይለዋል ብላ ነገረችው።

ሴቬሮ የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። «እኔ ስሜን የተውኩት ለማን ብዬ ነው?» አላት። «አባቴን በር ላይ አቁሜ ያበላሁት ለማን ብዬ ነው?»

«እኔ መች ለመንኩህ» አለችው።

መቀሱን መልሶ አነሳ። እሷም እንዲህ ማለቷን ኋላ ተጸጽታበታለች፤ ግን ከአፍ ከወጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሱ ቤቷን አይረግጥም፣ እሷም ቤቱን አትረግጥም። ግራሲዬላ ሁለቱንም ስትለማመጥ ኖራ ሞተች። ሁለቱም በቀብሯ ላይ ቆሙ፣ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

አሁን በሁለቱ ቤት መሀል የምመላለሰው እኔ ነኝ። ሂሜና ወንድ ልጅ ስትወልድ ሴቬሮ ለክርስትናው አልመጣም። ሕፃኑን አዝዬ ወሰድኩለት። ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝና እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ታቀፈው። አገጩ የአባቴ ነው አልኩት። ልሄድ ስነሳ «ሸፍኚው፣ ውጭ ብርድ ነው» ብሎ መልሶ ሰጠኝና ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። መንገድ ላይ ልጁ ነቅቶ አለቀሰ፤ እናቱ ቤት እስክንደርስም ዝም አላለልኝም።