የእኛ ቅቤ፣ የወንድሜ ዘመድ

ወንድሜን እቀናበት ነበር፤ ለመናገር አላፍርም። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ጠበቀኝና ስምንተኛን አብረን ጨረስን። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እሱም አለፈ፣ እግዜር ይስጠው።

በደርግ ጊዜ ከእኛ ከአንኮበር ገጠር ተነሥቶ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ደብረ ብርሃን የሚያስጠጋ ዘመድ ያስፈልግ ነበር። የእኛ ዘመድ የአባቴ የአክስት ልጅ ነው፤ “ጓድ” የሚባል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ። ዝምድናውን ያቆየነው ግን እናቴና እኔ ነን። በየበዓሉ የሚላክለትን ቅቤ የምንንጠው እኛ፣ የሚመሰገነው አባቴ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ሦስታችን ወደ ጓድ ቤት ሄድን። አባቴ ቄስ ነው፤ ጥምጥሙን አሳምሮ ከፊት ቀደመ። ወንድሜ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ይከተላል፤ እኔ ቅቤውን ተሸክሜያለሁ። እናቴ አባቴን “ለሁለቱም ለምንላቸው” ብላው “እናያለን” ብሏት ነበር። እኔም ያቺኑ “እናያለን” ተስፋ አድርጌ ነው የምሄደው።

ጓድ ገና ሲያየን ብድግ ብሎ ወንድሜን ጨበጠው፤ ከጎኑም አስቀመጠው። እኔ በሩ ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ። ያን ጊዜ ወንድሜን ከወንበሩ ገፍትሬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

“አደራህን፣ ይሄን ልጅ ሰው አድርግልኝ” አለ አባቴ።

“ይችስ?”

“እሷማ በትምህርቱ ትበልጠዋለች።” ልቤ ዘለለ። “ግን ያው ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ነው። ዘመድ ደግሞ ሁለቴ አይለመንም።”

ጓድ በየሰልፉ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚናገር ሰው ነው። ሳቀ። ወንድሜም አብሮት ሳቀ፤ እሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

የጓድ ሚስት ከጓዳ ወጥታ ቅቤውን ተቀበለችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ አባቴ ዞረች።

“አባ፣ ሠራተኛዬ ጥላኝ ሄዳ ተቸግሬያለሁ። ይችንም ትተውልኝ ይሂዱ እንጂ።”

“ምን ገዶኝ!” አለ አባቴ፤ አፍታም አላሰበበት። ደብረ ብርሃን ቀረሁ።

አባቴ ሲመለስ እስከ ደጅ ሸኘነው። ወንድሜን መስቀል አሳለመና “በርታ፣ ተማር” አለው። እኔንም አሳለመኝ።

“ወንድምሽን አደራ” አለኝ፤ “እንዳይርበው።”