በመስታወት የተሰፋ ሸሚዝ

ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም ስድሳ ስምንት ዓመቴ። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። አስተማሪ ስላችሁ ብዙ የተማረ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የሜትር ቁጥርና የደንበኛ ልክ ነው። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ስፌት ግን አውቃለሁ። እሱን ማንም አይወስድብኝም እል ነበር። ሊወስድብኝ የመጣው ስልክ ሆነ።

ኃላፊያችን ሴት ናት፤ የመጨረሻ ልጄን ብትበልጣት በሁለት ዓመት ነው። ሠራተኛው ሁሉ እርስዎ ይላታል፣ እኔ አንቺ እላታለሁ፤ ለምዳዋለች። መጋቢት ላይ አስተማሪዎቹን ሰበሰበችና ከእንግዲህ ትምህርቱ በኦንላይንም ነው አለች። ሰልጣኞቹ አንድ ቀን ታክሲ ያጣሉ፣ አንድ ቀን ልጅ ይታመምባቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አስተማሪ ሦስት ትምህርት በቪዲዮ ቀርጾ ሰልጣኞቹ ያሉበት ግሩፕ ላይ ይለጥፍ፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሦስቱን ያልሞላ ግን ክፍሉን ለወጣት አስተማሪ አስረክቦ ስቶር ይገባና ክርና መርፌ ያድላል። ይህን ስትል ማንንም አላየችም። የፀጉር ሥራ አስተማሪዋና የምግብ ዝግጅቱ አስተማሪ ግን ዞረው እኔን አዩኝ።

«እኔ ስቶር አልገባም» አልኳት።

«እንግዲያው ይማሩ፣ ጋሼ።»

«እማራለሁ» አልኩና ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም።

ስልክ እንኳ ነበረኝ። ልጄ አዲስ ስትገዛ የተወችልኝ ነው፤ ከመደወልና ከማንሳት በቀር ሌላ ነገሩን አላውቅም። ያሳወቀችኝ የራሴ ሰልጣኝ ናት፤ አርባ ያለፋት የሦስት ልጆች እናት። ከቤቴል ነው የምትመጣው። ቸርቿ ውስጥ ኳየር ስለሆነች የመዝሙር ልምምዱን በስልክ እየቀረጸች የምትልክላቸው እሷ ናት። እኛም ክፍል ውስጥ ዘማሪዋ እንላታለን።

እኔ ሳስተምር አንድ ነገር አላደርግም። ሰልጣኝ አጣሞ ከሰፋ አላቃናለትም። ምላጭ እሰጠውና «ተርትረው» እላለሁ። የገዛ ስፌቱን በገዛ እጁ የተረተረ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም። ዘማሪዋን ራሷን አንድ ኮሌታ አራት ጊዜ አስተርትሬያታለሁ። አሁን ተራው የሷ ሆነ። ከምሳ በኋላ አጠገቤ ትቆማለች፤ እጇን አጣጥፋ፣ ስልኩን ላትነካ። ተሳስቼ ኮርኒሱን ስቀርጽ፣ ወይም ድምፁን ዘግቼ ስለፈልፍ፣ አንድ ነገር ብቻ ትለኛለች።

«ይተርትሩት፣ ጋሼ።»

መተርተሩ የቀረጽኩትን ማጥፋት ነው። ጣቴን ቪዲዮው ላይ አቆያለሁ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ትመጣለች፣ እሷን እነካለሁ። ችግሩ ጣቴ ሃምሳ ዓመት መርፌ ሲወጋው ኖሮ ደንድኗል፤ ስልኩ አንዳንዴ አይሰማውም። ጫፉን ያርጥቡት አለችኝ። እንደ ክር ነው እንዴ ብያት ሳቀች። እውነቷን ነበር፤ ምላሴ ላይ ነካ ካደረግኩት ይታዘዘኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንን። መለጠፍ ሳልችል ማጥፋትን እንደ ውሃ ጠጣሁት።

የመጀመሪያውን ትምህርት፣ ልክ አወሳሰድን፣ እሷ አጠገቤ ቆማ ለጠፍኩ። ሁለተኛውን፣ የኮሌታውን፣ እንደዚሁ። ሦስተኛውን ብቻዬን እሠራለሁ አልኩ። የወንድ ሸሚዝ ደረት፣ የቁልፉ አዘጋግ ነበር። ስልኩን ከስፌት መኪናው ጋር አስደግፌ፣ ራሴን እያየሁ ልቅረጽ ብዬ ካሜራውን ወደ ፊት ገለበጥኩት። መጨረሻ ላይ ሸሚዙን ለበስኩና እያሳየሁ «ቀዳዳው በዚህ በኩል፣ ቁልፉ በዚህ በኩል» አልኩ። ግራ ቀኝ ማለት አላውቅም። ሁልጊዜ ከሰልጣኙ ጎን ቆሜ፣ እሱ ወደሚያይበት እያየሁ ነው የማስተምረው፤ በዚህ በኩል ካልኩ ይበቃዋል።

ለጠፍኩት። አውራ ጣቱ፣ ልቡ፣ ጭብጨባው ወረደልኝ። የፀጉር ሥራ አስተማሪዋ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ጋሼ አርቲስት ሆኑ አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ትምህርት ለፋሲካ ተዘጋ። ሁሉም ቪዲዮውን እያየ አንድ አንድ የወንድ ሸሚዝ ቤቱ ሰፍቶ እንዲመጣ አዘዝኩ። ሲመለሱ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ዘማሪዋ ሸሚዟን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው። አልሳቀችም። ባሏ ከ18 ማዞሪያ ጦር ኃይሎች የሚመላለስ ታክሲ ነጂ ነው። በፋሲካ ማግስት ሸሚዙን ለብሶ ሥራ ወጣ። ሙቀት ሆነበትና ቁልፉን ሊፈታ ሲታገል ተራ አስከባሪው ቆሞ አየው፤ «ምነው፣ የሚስትህን ለብሰህ ነው የወጣኸው?» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው በሙሉ እትዬ ነው የሚለው። እትዬ፣ መኪናው ሞልቷል፣ ይንዱ እንጂ ይሉታል አለችኝ።

ሸሚዙን ዘረጋሁት። የወንድ ሸሚዝ ቀዳዳው በለባሹ ግራ ነው፣ ቁልፉ በቀኝ፤ የሴት ሲሆን ይገለበጣል። ይሄ የወንድ ልክ፣ የወንድ ኮሌታ፣ የሴት አዘጋግ ነው። የሚቀጥለውን ዘረጋሁ። እሱም። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ እንደዚያ ነበር። ደህናው አንድ ስልኳ ቪዲዮ የማይከፍትላት ሴት የሰፋችው ነው።

«ማን እንዲህ አሳያችሁ?» አልኩ።

«እርስዎ» አለች ዘማሪዋ።

ቪዲዮውን ከፈተችልኝ። እኔ ነኝ። የለበስኩት ሸሚዝ በር ኋላ ተሰቅሏል፤ አውርጄ አየሁት፤ ደህና ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን የሴት ነው። በፊት ካሜራ ነው የቀረጹት፣ የርስዎ ስልክ እንደ መስታወት ይገለብጣል አለችኝ።

ተቀመጥኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስፌት ያስተማረኝ ሰውዬ መስታወት ፊት ለደንበኛ ኮት እያስለካ ሳለ፣ እኔ መስታወቱን እያየሁ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። በእንጨት ሜትሩ የእጄን ጀርባ አለኝ። «መስታወቱ ለደንበኛው ነው፤ አንተ ሰውዬውን እይ።» ይህንን ስንቱን ሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ። አሁን በስተርጅና፣ መልኬን ላይ ብዬ፣ አሥራ አንድ ሰው አሳሳትኩ።

ቀጥ ብዬ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። ሦስተኛውን ቪዲዮ ላጠፋው ነው አልኳት። ምክንያቱን አስረዳኋት፣ ሰማችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ፤ ከማሰልጠኛው ቪዲዮ ሁሉ ብዙ ሰው ያየው የኔ ነው።

«ጋሼ፣ ቁልፍ በግራ ሆነ በቀኝ ማን ያየዋል?»

«ተራ አስከባሪው አየው።»

ሳቋን ዋጠችው። ሪፖርቱ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይላካል፣ እዚያ የሚጻፈው ሦስት ወይም ሁለት የሚል ቁጥር ነው እንጂ የቁልፍ ነገር አይደለም አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እኔን ማትረፏ ነበር። ከወንበሯ ኋላ የስቶር ሠራተኛውን ሰማያዊ ጋውን አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ካጠፉት ሁለት ነው የሚኖርዎት። ወጣቱ ሰኞ ይጀምራል፣ እርስዎ ይሄን ይለብሳሉ። እንዳለ ይተዉት፣ ልለምንዎት።»

«አሥራ አንድ ሰው ጠማማ አሰፍቼ ክፍል ውስጥ ከምቆም ስቶር ቁጭ ብዬ ክር ባድል ይሻለኛል» አልኩ። «ግን ስቶርም አልገባም።»

ስልኬን አወጣሁ። ጣቴን ምላሴ ላይ ነካ አድርጌ ቪዲዮው ላይ አቆየሁት። ቅርጫቷ መጣች። ከሁሉም ሰው ላይ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። የማንም እርዳታ አላስፈለገኝም፤ ከዚያ ስልክ ነገር ሁሉ ደህና አድርጌ የማውቀው እሱን ነው። ጋውኑንም አንስቼ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ተቀበሉት ማለት ነው ወይ አለችኝ። በሩን በቀስታ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው ሻዩን ሳይጨርስ ደረስኩ። ጋውኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፤ ነጭ ሸሚዝ በሰማያዊ ላይ ስፌቱ ጎልቶ ይታያል። ስልኩን በቀበቶ ጨርቅ አስሬ ከኮርኒሱ አምፖል አንጠለጠልኩት፤ የኋላ ካሜራው ወደ ታች፣ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ እጄን ብቻ እንዲያይ፣ እኔ ከሰልጣኝ ጎን ቆሜ እንደማየው። ፊቴ የለበትም። የዘማሪዋን ባል ሸሚዝ ጋውኑ ላይ አኖርኩና ቀዩን መቅረጫ ነካሁ። ያለፈው ጊዜ ያሳየኋችሁ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው፣ ምላጭ አምጡና አብረን እንተርትር አልኩ። ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ በየቦታው መለስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያልኩ።

ስለጥፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ ሪፖርቱ ሳይሄድ ሦስቱ ሞላ። ከዚያ ጋውኑን ላጥፈው ሳነሳው አንዱ ቁልፉ ወልቋል። እንደዚያ ሆኖ አይመለስም። ቁልፍ ፈልጌ ሰፋሁለት፣ በካውያ ተኮስኩት፣ ኃላፊዋ ወንበር ላይ አኖርኩትና ክፍሌ ገባሁ።