ማይን ወንዝ የሸሸበት ጥምቀት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ነው። ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን እስካሁን የመርከብ ጡሩምባ ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። ቤቴ እዚህ ጀርመን፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ስለሆነ፣ ማይን ወንዝም ብዙ ስለማይርቅ፣ ጡሩምባውን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም።

አማቴ እማማ ዘነቡ ልጃቸውን ሊያዩ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ባለቤቴ የዚያን ቅዳሜ የሥራ ፈረቃ ስለነበረው በር ላይ ቆሞ «እናቴን አደራ» አለኝ። «ምን ይሆናሉ ብለህ ነው? የምንሄደው ጥምቀት ነው፣ ጦርነት አይደል» ብዬ ሸኘሁት።

እማማ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለበሱ። በላዩ የባለቤቴን ወፍራም ጃኬት ደረቡ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጃኬቱ ላይ መቀነታቸውን እያዞሩ ጥብቅ አድርገው ታጠቁና ነጠላቸውን ጣል አደረጉ።

«እማማ፣ ጃኬት ላይ መቀነት? ሰው ምን ይለናል?» አልኳቸው ሳቄን እየዋጥኩ።

«ሳልታጠቅ ከቤት አልወጣም። ወገቤን ማን ይይዝልኛል?» አሉኝ።

በዓሉን የምናከብረው ወንዙ ዳር፣ ጀልባ ወደ ውሃ የሚያወርዱበት ድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት ላይ ነበር። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ውሃውን ባርከው፣ ሕዝቡን ረጭተው ጨርሰዋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግን ከበሮ እየተመታ ብርድ ለማን ትዝ ይለዋል! ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዳል። በእኛ ጫጫታ ዓሣው ሁሉ እንደሄደበት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

በዚህ መሃል ብረታ ብረት የጫነ ረጅም መርከብ ብቅ አለ። ልጆቻችን እጃቸውን እያወዛወዙ «ሁፐን! ሁፐን!» አሉት፤ ጡሩምባ ንፋልን ማለታቸው ነው። ካፒቴኑ ነፋላቸው። እኛም በእልልታ መለስንለት፣ ወጣቶቹም ጥላ እያሽከረከሩ ጨፈሩለት። ሰውዬው ይኼኔ ልቡ ያበጠ መሰለኝ፣ የወንዙን መሃል ትቶ ወደ እኛ መጣ። በመስኮቱ ወጣ ብሎ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይቀርጸናል። ያ ሁሉ ብረት እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካው እስኪመስል ተጠጋን።

«አቤት ችሎታ! እንደ ታክሲ እኮ ነው የሚነዳው!» አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው። ጭብጨባው ቀለጠ።

ከዚያ ውሃው ሸሸ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይናችን እያየ ከዳር ወደ መሃል ተሰበሰበና ቁልቁለቱ ራቁቱን ቀረ። ጭቃው፣ ጠርሙሱ፣ የዛገ የብስክሌት ጎማ ሳይቀር ታየ። እንግዲህ እኛ በጥምቀት ቀን ዮርዳኖስ ጌታን አይቶ ሸሸ ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። እማማ ዘነቡ «እልልልል! ሸሸ! ዮርዳኖስ ሸሸ!» እያሉ ውሃውን ተከትለው ወረዱ። ሌሎች እናቶች ባሉበት ተንበረከኩ። እኔ ራሴ እንባዬ መጣ።

ያ ዓሣ አጥማጅ «ዙሩክ! ዙሩክ!» እያለ መጮህ ጀመረ። ወደ ኋላ ተመለሱ ማለቱ ነው። እዚህ አገር የኖረ ሰው የሽማግሌ ቁጣ ለምዷል፤ ለድምፅ ይቆጡናል፣ ለቆሻሻ ይቆጡናል። «ምናለ ዛሬ እንኳ ቢተወን» አልኩ በሆዴ። መንጠቆውን ጥሎ ሮጦ ወርዶ የእማማን መቀነት ከኋላ ጨምድዶ ሲይዝ ግን ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ እናቴን ልቀቅ!» ብዬ በአማርኛ እየጮህኩ ወረድኩበት። እኔም ነጠላቸውን ያዝኩ።

ውሃው የተመለሰው ያኔ ነው። ወፍሮ፣ ጠቁሮ መጣና እግሬን ከሥሬ አነሳው። አንድ ሰው ጃኬቴን ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ። ዓይኔን ስገልጥ ነጠላው እጄ ላይ አለ፤ እማማ የሉም። በመድኃኔ ዓለም! ባዶ ነጠላ ይዤ ቀረሁ። «እናቴን አደራ» ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው?

ከዚያ ሽማግሌውን አየሁት። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ነው። በአንድ እጁ ድንጋዩ ላይ የተተከለውን የጀልባ ማሰሪያ ቀለበት ይዟል፣ ሌላኛው እጁ ላይ መቀነቱ ተጠምጥሟል። በመቀነቱ ጫፍ እማማ ዘነቡ አሉ፤ እየሳሉ፣ እየተነፈሱ። ወንዶቹ ተያይዘው ወርደው ሁለቱንም አወጧቸው። የተንበረከኩት እናቶች ከላይ ስለነበሩ ቀሚሳቸው ብቻ ነው የራሰው።

መርከቡ አልቆመም። እንዲያውም ራቅ ካለ በኋላ ደህና ዋሉ የሚለን ይመስል አንዴ ጡሩምባውን ነፋ። ከውሃው ይልቅ ያደነዘዘኝ እሱ ነው። ሰውዬው ምንም አላየም እኮ! ዋይታችን እልልታ መስሎት ይሆናል።

ከአምቡላንሱ ጋር የመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነገሩን አስረዳን። ትልቅ መርከብ ዳር ሲጠጋ ውሃውን ስቦ ይወስድና መልሶ ይለቀዋል። «እንዲህ ሲጠጋችሁ መሮጥ ነው እንጂ ምን ያስጨበጭባል?» አለን።

እማማ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ የሽማግሌውን እጅ ስመው አልጠግብ አሉ። እሱ አፍሮ፣ ወንዙ ስለወሰደበት መንጠቆ ያወራል። የጮህኩበት በአማርኛ መሆኑን ሳስብ ተመስገን አልኩ።

ማታ ባለቤቴ ሲገባ «በዓሉ እንዴት ነበር እማዬ?» አላቸው። እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። እሳቸው ግን «ወገቤን የሚይዝልኝ ሰው ነበረ» አሉት።

ዘንድሮ ጥምቀትን ያከበርነው ከወንዙ ርቀን፣ ግቢ ውስጥ በገንዳ ነው። ጡሩምባው ግን እስከ ቤቴ ይመጣል። ወጥ እያማሰልኩም ቢሆን እጄ ሳላዘው ይጨበጣል፣ ያ ባዶ ነጠላ ያለበት ይመስለኛል። ወዲያው ደብረ ብርሃን እደውላለሁ።

«እማማ፣ መቀነትዎን ታጥቀዋል?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ ታጥቄያለሁ!» ይሉኛል።

ያኔ ነው እጄ የሚፈታው።