ለካሞሽ የተሰጠው ልጅ

አሜሪካ፣ ዋይትሆርን የሚባል ቦታ ልጅ ሳለሁ፣ ሰመር በመጣ ቁጥር አባቴ ከቤታችን ጀርባ ባክያርዳችን ውስጥ ሥጋ ሊጠብስ እሳት ያነድ ነበር። የእናቴ አጎት ጋሼ ታደሰም ከኦግደን የባቡር ግቢ የሥራ ሺፍታቸውን ጨርሰው ይመጡና፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ጎድን እየጋጡ የጥንት ነገሥታትን ታሪክ ያወሩልን ነበር። ያኔ እያንዳንዱ አገር የራሱ አምላክ ነበረው፤ ሞዓብ ካሞሽን፣ አሞን ሞሎክን። ሰሎሞን እንኳ ሚስቶቹን ደስ ይበላቸው ብሎ ለእነዚህ ጣዖታት ኮረብታ ላይ መስገጃ ሠርቷል።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን የወጣ ሰሞን፣ የሞዓብን ንጉሥ ታሪክ አመጡት። እስራኤሎች ከበውት መውጫ ሲያጣ፣ አልጋ ወራሽ የበኩር ልጁን ቅጥሩ ላይ አውጥቶ ለካሞሽ አቃጠለው፤ ከበባውም ተፈታ። ጋሼ ጣታቸውን ላስ አደረጉና «ንጉሥ ማለት ይኼ ነው፤ ለአምላኩ አይሰስትም» አሉ። ስቡ ፍሙ ላይ ይንጨረጨር ነበር። ዘገነነኝ። የጎረስኩትን ሥጋ መዳፌ ላይ ተፋሁት።

አባቴ ግን ፍሙን እየቆሰቆሰ «እኔም ተስያለሁ» አለ። «ፔፐራችን ከወጣ የመጀመሪያ ልጄን ለአገሬ ታቦት እሰጣለሁ ብያለሁ። አያቱ ጋ ሆኖ ደብሩን ያገለግላል።» የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ። ጋሼ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ያን በስብ የወዛ እጅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

እናቴ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳችው። «ጋሼ፣ ይብቃዎት» አለች። ወደ አባቴም ዞራ «ብቻህን አልወለድከውም። የትም አይሄድም» አለችው።

«ታቦት ይታለላል እንዴ?» አላት። እሷ ግን ወር ሳይሞላ ጥልፍ ያለበት ትልቅ ጥላ ገዝታ ለደብሩ በሰው ላከች፤ አያቴም የደብሩ ሰዎች በእልልታ እንደተቀበሉት ደውላ ነገረችን። እኔም በጥላ ተለውጬ ቀረሁ።

አሁን ሳቫና ከተማ የራሴ ቤት አለኝ። ልጅን ለአገልግሎት መስጠትና ማቃጠል ለየቅል መሆኑን አላጣሁትም። የሚያቅለሸልሸኝ ግን፣ ያን ሁሉ ምሽት ስለ ንጉሡና ስለ አምላኩ ሲወራ፣ ያ ልጅ ቅጥሩ ላይ ሲወጣ ምን አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔንም የጠየቀኝ የለም።

አባቴ አርጅቶ ከእኔ ጋር ይኖራል። ወገቡን በቆረጠመው ቁጥር «የተሳልኩትን ልጅ ስላላስገባሁ ነው የምቀጣው» ይላል። ክኒኑን ከነውሃው የማቀብለው እኔ ነኝ።