ሦስት ጉፍላ

አክስቴን ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፤ ፊቷ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሦስተኛ ክፍል ስታስተምር ነው ጠጉሯ የሸበተው። አንብቦ በመረዳት ፈተና የእሷን ክፍል የሚቀድም አልነበረም፤ ይህንኑ ነግራኝ ነግራኝ ጆሮዬን አደንቁራዋለች።

አምና ግን የልብስ ሰፊው ልጅ ባዶ ወረቀት እየመለሰች አስቸገረቻት። ዳይሬክተሩ «ይቺን ማስተማር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ትድገም» አለ፤ አክስቴም ተስማማች። አባትየው ይህን ሲሰማ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ።

«እትዬ፣ ያነበበችውን ሁሉ ቤት መጥታ ትተርክልኛለች እኮ! ያልገባትንም እየጠየቀች ታደርቀኛለች።»

አክስቴ ልጅቷን አስቀርታ ጠየቀቻት።

«ለምንድን ነው የማትጽፊው?»

«አልገባኝማ።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱም አልገባቸውም። የጥያቄውን ቃል ምንባቡ ላይ ፈልገው፣ ከጎኑ ያለውን ይገለብጣሉ።»

አክስቴ ቤት ገብታ ድስቱን ስታንኳኳ፣ በሩን ስታላትም አመሸች። አፍንጫዋን ሲነኳት አይጣል ነው! በመጨረሻ «ቆይ፣ ትርጉም የሌለውን ማን እንደሚገለብጥ አሳያታለሁ» አለችና በዓለም ላይ የሌለ ምንባብ ፈጠረች፦ «ቁንዝሉ ዘረምጥ በማለዳ ሦስት ጉፍላ ጠነደለ። ከዚያም ወደ ሸንቃፋ ተመረጠቀ።» ጥያቄዎቹም፦ ዘረምጡ ስንት ጉፍላ ጠነደለ? ወዴትስ ተመረጠቀ?

በማግስቱ ፈተነቻቸው። ክፍሉ በሙሉ ደፈነ። «ሦስት ጉፍላ።» «ወደ ሸንቃፋ።» አንዱማ ከሥሩ በማስመሪያ አስምሮበታል። ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የአስተማሪውን ፊት ያነባል መሰለኝ። የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻ መልሱን ትታ፣ «ቲቸር፣ ጉፍላ ምንድን ነው?» ብላ ጽፋለች።

ማታ ቤት ወረቀቶቹን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል አክስቴ ታለቅሳለች።

«ስንት ዓመት ሙሉ!» አለች። «ስንቱን ልጅ!»

አፈርኩ፤ አንጀቴንም በላችው።

ጠዋት ወረቀቶቹን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። አገላብጦ አገላብጦ ግራ ተጋባ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት? እሷ አልፋ ሌላው ሁሉ ይድገም?»

«ልጆቹ ምን አጠፉ? ያስተማርኳቸውን ነው የሠሩት። ሁሉም ይለፉ።»

«እንግዲያው የሚደግም የለማ!»

«አለ እንጂ» አለች አክስቴ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ከወረቀቶቹ አጠገብ እያስቀመጠች። «እኔ አለሁ። አራተኛ ክፍልን ስጠኝ፤ እነዚህኑ ልጆች ይዤ ከሀሁ እጀምራለሁ።»