የሄሊኮፕተሯ ድንጋይ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወደ ማብቂያው ላይ ነው። በአዲ አርቃይ በኩል ጦርነት ነበር፤ እኛ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለነው ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር እንደነግጥ ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም የጣሳ ክዳን መሬት ሲወድቅ ብድግ እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው።

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። የእጅ ባትሪ፣ አምፖልና የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ፤ የማኪና ባትሪም ቻርጅ አደርጋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው። ካስተማረኝ አንዱ፣ ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ጣራ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ከሞቀ ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ ነው። ነፍስ የዘራውን ጠራርጌ ከአዲሱ ጋር እቀላቅለው ነበር። አልኮራበትም፤ ግን ታሪኩ ያለ እሱ አይሟላም።

አንድ ዓርብ ቀን የማውቀው መቶ አለቃ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ሲፈታው ክንድ የምታህል የመጫወቻ ሄሊኮፕተር ናት፤ ከነመቆጣጠሪያዋ። መቆጣጠሪያው ሲስቡት የሚረዝም አንቴና አለው። ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ እንዳገኛት ነገረኝ። እንዴት እንዳገኛት አልጠየቅሁም፤ መቶ አለቃ አይጠየቅም።

«ለልጄ ነው። ነገ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ፤ መብረር አለባት» አለኝ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «አንቴና እንዳለው አይተሃል። ሰው ካገኘብህ ያንተ ነው፤ እኔን አታውቀኝም» አለ።

በዚያን ጊዜ ከወንበዴ ጋር በሬዲዮ ትነጋገራለህ ከተባልክ፣ አልተነጋገርኩም የምትልበት ፋታ አይሰጥህም። እምቢ ልለው አሰብሁ። ግን መቶ አለቃ እምቢም አይባልም።

መጀመሪያ የሬዲዮ ድንጋይ አሰርሁላት። ክንፏ ተሽከረከረ እንጂ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላለችም፤ ከበዳት። የራሷ ድንጋዮች ቀላል ናቸው። ሰባት ሆነው እንደ ጥይት ተደርድረው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። በትንሽ አምፖል አንድ በአንድ ፈተሽኋቸው፤ ደክመዋል እንጂ አልሞቱም። ቻርጅ የሚደረጉ ዓይነት ስለሆኑ እነሱኑ መረጥሁ።

ችግሩ፣ የኔ ቻርጀር የማኪና ነው። ትንሽ ድንጋይ በቀጥታ ከሰጡት ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሽቦው መሀል አምፖል እናስገባለን፤ ኤሌክትሪኩን እንደ ልጓም ይይዘዋል። የማኪና የኋላ መብራት አምፖል አስገብቼ ስጀምር መብራት ጠፋ። የተመለሰው በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። መቶ አለቃው በስምንት ይመጣል። ጊዜ የለኝም ብዬ የኋላውን አምፖል አወጣሁና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን የፊት መብራት አምፖል አስገባሁ። ልጓሙን ለቀቅሁት ማለት ነው። ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር፤ ሰው እንዳያይብኝ ድንጋዮቹን ከነሽቦአቸው ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ግጥም አደረግሁ። ሄሊኮፕተሯንና መቆጣጠሪያዋን የእንጨት የሳሙና ሳጥን ውስጥ አድርጌ ጆንያ ጣል አደረግሁባቸው።

ወዲያው ከማክሰኝት በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ገቡ። አያ ታከለ ይባላሉ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሁለቴ ከኔ ገዝተዋል። ለሬዲዮናቸው አራት ድንጋይ ፈለጉ።

«ሸጋውን ስጠኝ» አሉ።

«ዛሬ የገባ ነው፣ አያ ታከለ» አልሁና ፀሐይ ከሞቁት አራቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አይተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩ።

ያን ጊዜ ጣሳው እንደ እባብ ሲያፏጭ ሰማሁ። ሽቦውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ጓ! አለ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ የጣራውን ቆርቆሮ መታው። ውጭ ገበያተኛው በሙሉ መሬት ላይ ተኛ። እኔም ስወድቅ ሳጥኑን በእግሬ መታሁት፤ ጆንያው ተንሸራተተ፤ አንቴናው ብቅ አለ።

የሚሮጥ ጫማ ሰማሁ። የቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው። ተኝቼ ጆንያውን ልስብ እጄን ሰደድሁ፤ አልደረሰም። አያ ታከለ አንቴናውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ዘርግተው ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ።

ሁለት ጥበቃዎች ጠመንጃ ደግነው ገቡ። «ማን ነው የተኮሰ?»



«ኧረ የኔ ጥፋት ነው፣ ልጆቼ» አሉ አያ ታከለ። «ድንጋይ ሲደክም እኛ አገር ምድጃ ዳር እናሞቀዋለን። ይህን ሰው በኤሌክትሪክ አሙቅልኝ ብዬ ነዝንዤው ነው።»

አንደኛው መሬት ላይ የተበታተኑትን ድንጋዮች በጫማው ገፋ አደረገና ሳቀ። «ባላገር! በሬዲዮ ድንጋይ ልትጨርሰን ነበር?» ሁለተኛው አልሳቀም። ሳጥኑን አየ።

«ተነስ እስቲ፣ አንተ ሽማግሌ።»

እዚህ ላይ አለቀልኝ። በልቤ ልጆቼን ተሰናበትሁ።

«ምነው ልጄ፣ በድንጋጤ ጉልበቴ ከዳኝ እኮ። በል ደግፈህ አንሳኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። በዚያው እጅ የትምባሆ ሱረት የሳቡበትን አፍንጫቸውን ገና አሁን ጠርገውበታል። ጥበቃው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ተቀመጥ! ተቀመጥ!»

እኔን ሰድበውና አስጠንቅቀው ወጡ።  አያ ታከለ ጥቂት ቆዩና ያለ ማንም ድጋፍ ብድግ አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው አራቱን ድንጋዮች ፊቴ ደረደሯቸው። የሁሉም ቀለም በአንድ ጎኑ በፀሐይ ነጥቷል።

«በርበሬ እንኳ ሲሰጣ ይገላበጣል» አሉኝ። «በል አሁን አዲስ ስጠኝ።»

ከታሸገው ካርቶን አወጣሁላቸው። «ሌባ መሆኔን እያወቁ ለምን አዳኑኝ?» አልኋቸው።

«አንተ ከታሰርህ ማን ይለውጥልኛል?» ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

መቶ አለቃው በስምንት ሰዓት መጣ። ወሬው ደርሶት ኖሮ ጣራውን ቀና ብሎ አየና፣ ሄሊኮፕተሯን በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ድንጋይ አግኝታ በረረች አልበረረች አልሰማሁም።

አያ ታከለ ከዚያ በኋላ አልመጡም። ማክሰኝት በወረድሁ ቁጥር ጠይቄ አጣኋቸው። ሽማግሌው ሳጥኑ ላይ ሲቀመጡ ያ ያታለልኋቸው ድንጋይ በጋቢያቸው ተቋጥሮ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ጣራዬ ላይ የተሰጣው በርበሬ ብቻ ነው።