የኢድሪስ ሰባ ስምንት

ልጄ በስልክ የላከችልኝን ጽሑፍ ለማየት መነጽሬን ሳነሣ፣ ከመስኮቴ ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር። እሷ የምትሠራው ለኮምፒውተር ጀማሪዎች የሚሆን መሣሪያ ነው፤ የሥራቸውን የትናንቱንም የዛሬውንም ቅጂ እየለየ የሚያስቀምጥ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ። ጀማሪ በአንዲት ቃል የወር ድካሙን እንዳያጠፋ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ ጽፋ፣ «እማ፣ አማርኛው ያስኬዳል?» ትለኛለች። አማርኛውስ ደኅና ነበር። እኔ ግን ከበረዶው ወጥቼ አሰብ ገባሁ።

ዘመኑ የደርግ፣ ዓመቱ ሰባ ስምንት፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የመጋዘን ቢሮ በጸሐፊነት እሠራለሁ። በነሐሴ አሰብ ውስጥ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ አሸዋውን በመስኮቱ ሽንቁር እያስገባ በታይፑ ፊደላት መካከል ይደፋዋል። ቬንቲሌተር የሚዞርለት አንድ ባለሥልጣን ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተሩ።

በእሱ ላይ የምንሠራው እኔና የአገሩ ልጅ ኢድሪስ ነን። የመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር እየመዘገብን የየቀኑን መዝገብ በቀኑ ስም እናስቀምጣለን። እኔ ያስተማረኝ ፈረንጅ እንዳለው ዓመቱን ሰማንያ ስድስት ብዬ እጽፋለሁ። ሥራውን ከጀመረ ሁለት ወሩ የሆነው ኢድሪስ ደግሞ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነውና፣ ሰባ ስምንት ይላል። ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ ይህችን ግን አልነገርኩትም።

«መነኩሲት» ይለኛል፣ ፍልሰታን ስጾም እያየ። «እኛ አንድ ወር ጾመን እንገላገላለን። አንቺ ዓመቱን ሙሉ፣ ምን በድለሽ ነው?»

እናቱ ታመውበት በይሉል ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደራቸው በሄደ በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ሞላ። አሮጌውን አጽጂ ተባልኩ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ አማተብኩ፣ ከሰማንያ ስድስት በፊት ያለው ሁሉ ይጥፋ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ምን እንደሚያጠፋ አላሳየኝም፤ አልጠየቀኝምም። አረንጓዴዋ ነጥብ ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

በማግስቱ ኃላፊያችን የኢድሪስን መዝገብ ፈለጉ። የለም። ከሁለት ወር ሥራ አንድ መስመር አልቀረም።

«የት ነው ያለው ልጁ?»

«በይሉል ነው ጓድ፤ እናቱ ታመው።»

«በይሉል! ከዚያ በጀልባ የመን ነው እንጂ የምን እናት! አጥፍቶ ሄዷል። ጓዲት፣ ወረቀት አስገቢ።»

ለደኅንነት ሰዎች የሚላክ ደብዳቤ ነበር። «ጉዳዩ፦ የተፈጸመ አሻጥርን ይመለከታል» አሉ፣ እየተንጎራደዱ። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል ከስሙ አጠገብ የሰፈረችበት ሰው ተጠርቶ ለመመለሱ ማንም አይምልለትም። ሦስት ካርቦን አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። የገጹ እኩሌታ ላይ «ከሰኔ ሰባ ስምንት ጀምሮ የተመዘገበው…» ሲሉ ጣቴ ቆመ።

ሰባ ስምንት። ለማሽኑ እኮ የኢድሪስ ሰባ ስምንት የስምንት ዓመት አሮጌ ነው!

«ምነው?» አሉኝ።

«አሸዋ ነው፣ ጓድ» አልኩ። ቀጠልኩም። በልቤ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ በጣቴ ሰው እየከሰስኩ እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ መታሁት።

ብዕራቸውን ሲከፍቱ ግን ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩ።

«ጓድ ኃላፊ፣ አይፈርሙ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የሁለቱን አቆጣጠር ነገር እየተርበተበትኩ አስረዳሁ። ብዕራቸውን ከደኑ። «በጽሑፍ አድርጊው» አሉ። በራሴ ስም ስመታው «አሻጥር» የምትለዋን ቃል ከጉዳዩ ላይ ለማንሣት አልደፈርኩም፤ እንዳለች ተውኳት። እሳቸው በብዕር ሰርዘው «ስሕተት» ብለው ጻፉበት።

ከማሽኑ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ተወረወርኩ። ኢድሪስ በሳምንቱ በዘንቢል ቴምር ይዞ መጣ፤ «ለጾምሽ» ብሎ። ከመጋዘኑ የገቢ ወረቀት እየለቀመ ሁሉንም እንደገና ሲጽፍ ስሕተቴን ነገርኩት። «በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አስረጀሽኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ስለ ደብዳቤው አልነገርኩትም።

ለልጄ፣ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት የሚጠፋውን አንድ በአንድ ይዘርዝር፣ የተጣለውም ለጥቂት ቀን ጥግ ይቀመጥ ብዬ ጻፍኩላት። ደስ አላት። ማሽኑ ሳይጠይቀኝ ያጠፋሁትን ለንስሐ አባቴ ከተናገርኩ ቆይቻለሁ፤ ቀሎልኛልም። የማይለቀኝ ግን «ምነው?» ተብዬ፣ በሰው አፍ ተጠይቄ፣ እያወቅሁ የመታሁት ያ ቀሪ ግማሽ ገጽ ነው።